ለቤት የሚቀርብ ከሰል፦ በጆንያ ይገዛ ወይስ በኪሎ? ጥራቱስ በምን ይለካ?

ሸማች_ጉዳይ፦
ለአንድ የሸማቾች ማኅበር የከሰል አቅርቦት ውል እየተረቀቀ ነው። ከሰሉ በአብዛኛው ከአዊ ዞን፣ ከፋግታ ለኮማና ከአጎራባቾቹ የሚመጣ የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ከሰል ነው። በአይሱዙ ተጭኖ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። የአባላቱ ቅሬታ ሦስት ነው፦ ሲቀጣጠል ይጨሳል፣ እየተፈነጠረ ምንጣፍና ልብስ ያቃጥላል፣ ከጆንያው ሥር ደግሞ የሚወጣው ብናኝ ብቻ ነው። እስካሁን የሚገዛው በጆንያ ቁጥር ነበር። አሁን በኪሎ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ውሉ ላይ ምን ቢጻፍ ነው ጥራቱን የሚያሻሽለው? «ጥራቱን የጠበቀ» የሚል ቃል ብቻውን ምንም እንዳልሠራ ካለፈው ውል ታይቷል።

ኪሎና_ግራም፦
በጆንያ መግዛት ይቅር፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ የባሕር ዛፍ ከሰልና የግራር ከሰል ብትሞላ በሚዛን ብዙ ይራራቃሉ፤ ሸማቹ ግን አንድ ዋጋ ይከፍላል። በዚያ ላይ የአሞላል ጥበብ አለ። አንኳሩን ከዳር አቁሞ መሀሉን ባዶ መተው፣ አናቱን በምርጥ አንኳር ቆልሎ በሳርና በገመድ ማሰር፣ ሥሩን በብናኝ መሙላት።

ግን በኪሎ ስትገዛ ሌላ ቀዳዳ ትከፍታለህ። ሚዛን ውሃንም አፈርንም ከከሰል አይለይም። ከሰል ውሃ ይመጥጣል፤ ዝናብ የነካው ወይም ሆን ተብሎ የተረጨ ከሰል ከክብደቱ 15 እና 20 ከመቶ ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኪሎ የሚለው ውል ያለ ርጥበት ቅናሽ ከጆንያው የባሰ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከ100 ጆንያ 10 ያህል በዕጣ ይመረጣል። ከእያንዳንዱ ከአናት፣ ከመሀልና ከሥር ተወስዶ አንድ ላይ ይደባለቃል። ክምሩ ለአራት ይከፈላል፤ ሁለቱ ተቃራኒ ክፍሎች ይጣላሉ፣ የቀሩት እንደገና ይደባለቃሉ፤ ግማሽ ኪሎ ያህል እስኪቀር እንዲሁ ይቀጥላል። ያን በባቄላ ፍሬ መጠን ሰባብሮ፣ መዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ3 ሰዓት ማድረቅ። ወጥቶ ይመዘናል፤ ለ1 ሰዓት ይመለሳል፤ እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ ከ1 ግራም በታች ከሆነ ደርቋል። ናሙናው ከተወሰደ ጀምሮ እስኪመዘን በታሰረ ፕላስቲክ ይቀመጥ፤ አለዚያ በመንገድ ደርቆ የአቅራቢው ጠበቃ ይሆናል።

ቅናሹ እንዲህ ይሰላል። ውሉ የሚፈቅደው ርጥበት 8 ከመቶ ነው እንበል። የመጣው ጆንያ 38 ኪሎ መዝኖ ርጥበቱ 16 ከመቶ ሆነ። ደረቁ ከሰል 38 ሲባዛ በ0.84፣ ማለትም 31.9 ኪሎ ነው። ይህን ለ0.92 ስታካፍለው 34.7 ኪሎ ይመጣል። የሚከፈለው ለ34.7 ነው። ከ38 ላይ 8 ከመቶ መቀነስ የሚመስላቸው አሉ፤ ስሌቱ ያ አይደለም።

አክሳይ_አዲስ_ቅዳም፦
ኪሎና_ግራም የረሳኸው ትልቅ ነገር አለ። በኪሎ መግዛት ከውሃና ከአፈር በላይ የሚሸልመው ጥሬ፣ ማለትም በደንብ ያልከሰለ ከሰልን ነው።

100 ኪሎ ፍጹም ደረቅ እንጨት በ300 ዲግሪ ቢከስል 42 ኪሎ ያህል ይወጣዋል፤ ግን ቋሚ ካርቦኑ፣ ማለትም ጭሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ፍም ሆኖ የሚነደው ክፍል፣ 68 ከመቶ ብቻ ነው፣ የቀረው ገና ጭስ ሆኖ የሚወጣ ተናኝ ነገር ነው። በ500 ዲግሪ ቢከስል የሚወጣው 33 ኪሎ ይሆናል፤ ቋሚ ካርቦኑ 86 ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት፦ በኪሎ የሚከፈለው አክሳይ በአፈር ተሸፍኖ የሚከስለውን የእንጨት ክምር አንድ ቀን ቀድሞ ቢዘጋ ከዚያው እንጨት ብዙ ተጨማሪ ኪሎ ያገኛል። የሸማች_ጉዳይ የመጀመሪያ ቅሬታ፣ ጭሱ፣ ምንጩ ይህ ነው። እንጨቱ አይደለም፤ ዲከረንስ በደንብ ከከሰለ አይጨስም።

ከልክ በላይ ማብሰልም አይጠቅምም። 90 ከመቶ ያለፈ ከሰል ለመቀጣጠል ያስቸግራል፣ በእጅ ይፈረፈራል። ለቤት የሚመቸው ቋሚ ካርቦኑ ከ75 እስከ 82 ያለው ነው። ይህን በትክክል የሚያውቀው ቤተ ሙከራ ቢሆንም በእጅም ብዙ ይታወቃል። አንኳሩን ስበር፤ ስብራቱ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት፣ መሀሉ ቡናማ ከሆነ ጥሬ ነው። ሲሚንቶ ላይ ጣለው፤ የበሰለው እንደ ሸክላ ይጮኻል፣ ጥሬው እንደ እንጨት ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ፍም ላይ አድርገው፤ ቢጫ ነበልባልና የሚያስለቅስ ጭስ ካወጣ ተናኙ አልወጣለትም።

ሸማች_ጉዳይ፦
ይህ ጠቃሚ ነው። ታዲያ ጥሬ የሚሆነው ሆን ተብሎ ብቻ ነው ወይስ በአሠራር ጉድለትም ይመጣል? ማኅበሩ ለአክሳዮቹ ማኅበር ሥልጠና የማገዝ ሐሳብ ስላለው ነው።

አክሳይ_አዲስ_ቅዳም፦
በአሠራር የሚመጣው ይበልጣል። ከመጀመሪያው ልጀምር።

እርጥብ እንጨት። ዛፉ በተቆረጠ በሳምንቱ ከተከመረ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ያን ውሃ ለማትነን ክምሩ ውስጥ ካለው እንጨት እየተቃጠለ ያልቃል። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ተቆርጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ እንዲገባው ሆኖ መድረቅ አለበት። ጫፉ ሲሰነጣጠቅና ሁለቱን ስታጋጫቸው ድምፁ ሲጠራ ደርሷል። ዲከረንስ የሚቆረጠው በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ስለሆነ ግንዱ ቀጭን ነው፣ ይህ ጥቅም ነው። ከ15 ሴንቲ ሜትር የወፈረው ግን ይፈለጥ፤ አለዚያ ዳሩ ሲከስል መሀሉ እንጨት ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ አደራደሩ። መሬቱ ይደለደልና መጀመሪያ ተሸካሚ አግዳሚዎች ይነጠፋሉ፤ አየር በሥር እንዲሄድ። ወፍራሙ ከመሀል፣ ቀጭኑ ከዳርና በክፍተቶቹ ይገባል። ክፍተት የበዛበት ክምር መሀሉ ይነድና ይደረመሳል። ከላይ ሳርና ቅጠል ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ በላዩ ያንኑ ያህል አፈር። ሳሩ ለይስሙላ አይደለም፤ አፈሩ ወደ ከሰሉ እንዳይወርድ የሚያግደው እሱ ነው። ሳሩን የቆጠበ አክሳይ ከሰሉ አፈር አፈር ይላል፣ ዐመዱ ይበዛል።

ጭሱን ማንበብ የሙያው ዋና ነገር ነው። ነጭና ወፍራም ከሆነ ውሃ እየወጣ ነው። ወደ ቢጫ ሲያደላና ዓይን ሲቆጠቁጥ እንጨቱ እየከሰለ ነው፤ ከ280 ዲግሪ አካባቢ በኋላ ራሱ ሙቀት እየሰጠ ስለሚሄድ አየሩ መቀነስ አለበት። ሰማያዊና ስስ ሲሆን አለቀ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚነደው ራሱ ከሰሉ ነው፤ ወዲያው ይዘጋ። ሌሊት ክምሩ ሲሰነጠቅ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ በአንድ ስንጥቅ አየር ገብቶ ጎኑ ዐመድ ሆኖ ያድራል።

የአፈር ክምር ብዙውን ጊዜ ከደረቅ እንጨቱ ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶ ብቻ ነው የሚሰጠው። በሴኔጋል የተሠራው የካሳማንስ ማክሰያ በጥሩ እጅ 25 ይደርሳል። ልዩነቱ ክብ አደራደርና ከበርሜል የተበየደ አንድ ጭስ ማውጫ ነው፤ ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ጫፍ ለጫፍ ይበየዳል። ትኩሱ ጋዝ ወደ ላይ አምልጦ እንዳይወጣ ወደ ታች ተስቦ በጭስ ማውጫው ስለሚሄድ ክምሩ እኩል ይበስላል። ለሥልጠና ገንዘብ ካለ እዚህ ላይ ይዋል። አክሳዩ ከዚያው እንጨት የበለጠ ኪሎ ካገኘ ጥሬውን የመሸጥ ፈተናው ይቀንሳል።

እሳት_ጠባቂ፦
ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ክምሩ ከተዘጋ በኋላ 2 ወይም 3 ቀን ሳይከፈት መቆየት አለበት። ቸኩሎ የከፈተ ውሃ ይረጫል። ውሃ የተረጨ ትኩስ ከሰል በውስጡ ይሰነጠቃል፤ ጆንያ ውስጥ ሲገባ አንኳር ይመስላል፣ አይሱዙ ላይ ሁለት ጉድጓድ ሲዘል ብናኝ ይሆናል። ሦስተኛው ቅሬታ ግማሹ ከዚህ ነው።

ሌላው፣ ከክምር የወጣ ከሰል በዚያው ቀን ጆንያ አይገባም። አዲስ ከሰል ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ራሱ ይሞቃል። በስሱ ተሰጥቶ ቢያንስ 24 ሰዓት በአየር ላይ ካልቆየ ጭነቱ መሀል ያለው ጆንያ ክብሪት ሳይነካው ይነሣል። መንገድ ላይ ተቃጠለ የሚባለው ጭነት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ውሉ ላይ «ከተከፈተ ከ24 ሰዓት በኋላ የታሸገ» የሚል ይግባ።

ጓዳ_ሙሉ፦
ስለ መፈንጠሩ ማንም አልመለሰም። ለቡና ፍም ሲቀመጥ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

እሳት_ጠባቂ፦
ልክ ነሽ እህቴ። የሚፈነጠረው በውስጡ የታፈነ ነገር በድንገት ሲሰፋ ነው። ብዙውን ጊዜ ርጥበት ነው፤ ዝናብ የመታው ወይም ውሃ የተረጨ ከሰል። ልጥም ፍንጣሪ አለው፤ ከአንኳሩ የተላቀቀ የልጥ ቅርፊት ቶሎ ይግልና ይበተናል። በችኮላ በኃይለኛ አየር የከሰለም ውስጡ ስለሚሰነጣጠቅ ይፈነጥራል። እቤት ያለው መላ ከሰሉን ከመጠቀም በፊት ከወለል ከፍ አድርጎ በደረቅ ቦታ ማቆየት፣ ሲቀጣጠልም ደጅ ማቀጣጠል፣ መፈንጠሩ ሲያበቃ ማስገባት ነው። በፌስታልና በላምባ ማቀጣጠሉ ይቅር፤ ሽታው ከከሰሉ ይመስላል እንጂ ከእነሱ ነው። ጭራሮ ወይም የአናጺ ፍርፋሪ ይበቃል።

ምድጃ_ሠሪ፦
የአንኳሩን መጠን ውሉ ላይ አስገቡት። ላቀች ምድጃ የሚሠራው የእሳት ጎድጓዳው በልኩ ሲሞላ ነው። ከ8 ሴንቲ ሜትር የበለጠ አንኳር ድስቱን ከፍ አድርጎ ሙቀቱን በጎን ያስወጣል። ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰው የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ አየር ያጣል፣ ሰውም ከሰሉ ደካማ ነው ይላል። ስለዚህ ከ2 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር። ላቀች ከቆርቆሮው ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል የሚባለው በዚህ ልክ ሲሞላ ነው፤ ያለዚያ ቁጠባው ይጠፋል።

ኪሎና_ግራም፦
ተቀብያለሁ፣ ለመለካትም ቀላል ነው። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ዓይን ወንፊት በብረት ፍሬም አሠሩ። ናሙናው ለአራት ከመከፈሉ በፊት 10 ኪሎ ተወስዶ ይነፋል። የወደቀው ከ10 ከመቶ ካለፈ፣ ከ10 ከመቶ በላይ የሆነው ክብደት በሙሉ ከክፍያ ይቀነስ። ብናኝ ሙሉ በሙሉ ይወገድ ማለት አይቻልም፤ በ400 ኪሎ ሜትር መንገድ ከከሰል ብናኝ አለመውጣቱ ተአምር ነው። ጭነት ላይ ጆንያው ይቁም እንጂ አይጋደም፣ ከላይም ሰው አይቀመጥበት፤ ይህ ከወንፊቱ ርካሽ ነው።

አፈሩንም እዚያው ያዙት። ከወንፊቱ የወደቀውን 1 ኪሎ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሮ ማማሰል። ደረቅ ከሰል ይንሳፈፋል፣ አፈርና አሸዋ ይሰጥማል። የሰጠመውን አድርቆ መመዘን።

ዐመዱን ለማወዳደር ደግሞ 100 ግራም ሙሉ በሙሉ አንድዶ የቀረውን መመዘን ነው። የእንጨት ከሰል ከ5 ግራም በታች መተው አለበት። 8 ወይም 10 ከሆነ አፈር ገብቶበታል።

ጠያቂ_ከጅማ፦
ስለ ከሰል ጥራት ከተነሣ አይቀር፣ የድንጋይ ከሰል ለቤት ለምን አይቀርብም? ያዩና ደልቢ አካባቢ አለ፤ ጭልጋም አለ። ዛፍ መቁረጡም ይቀር ነበር።

ምድጃ_ሠሪ፦
ወንድሜ፣ እንዳለ ለቤት አይሆንም። የአገራችን የድንጋይ ከሰል ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሄደው ምክንያት አለው፤ ዐመዱ ብዙ ነው፣ ድኝም አለበት። ድኙ ሲነድ የሚያንቅ ጋዝ ይሆናል። ፋብሪካ ያንን በከፍተኛ ጭስ ማውጫ ያወጣዋል፣ ዐመዱም ክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው) ውስጥ ይገባል። ላቀች ምድጃ ጭስ ማውጫ የለውም።

ሞንጎሊያ ይህን ጥያቄ በትልቁ ነው የገጠማት። ኡላንባታር የክረምቱ ጭስ ስለከፋ ጥሬ የድንጋይ ከሰል በከተማው እንዳይነድ በግንቦት 2019 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ታገደ፤ በምትኩ ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ ብሪኬት ተከፋፈለ። በዚያው ዓመት ቅዝቃዜው ሲጀምር ግን በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዙ፣ የሞቱም ነበሩ። ነዳጁን ብቻ ለውጦ ምድጃውንና ጭስ ማውጫውን እንዳለ መተው ምን እንደሚያመጣ ያሳያል። ለእኛም ይሠራል፤ የከሰሉን ጥራት ስናሻሽል ጭሱ ይጠፋል፣ ሰውም ጭስ የለውም ብሎ መኝታ ቤት ያስገባዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከበሰለው ከሰልም ይወጣል። እንዲያውም ጥሬው ከሰል ስለሚያስለቅስ ሰው ደጅ ያወጣው ነበር። ውሃ አጠገቡ ማስቀመጥ ምንም አይጠቅምም፣ ጋዙ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ለማለት ይቻላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰውየው ወደ አየር መውጣት ነው፤ ምድጃውን ማስወጣት ሁለተኛ ነው። ማኅበሩ በየጆንያው ላይ አንድ መስመር ያትምበት፦ በር ዘግተው አያንድዱ፣ ምድጃ አስገብተው አይተኙ።

ጓዳ_ሙሉ፦
የወደቀው ብናኝስ? ከመቶው አሥሩ ይጣላል?

አክሳይ_አዲስ_ቅዳም፦
አይጣልም፣ ብሪኬት ይሆናል። ግን እዚህም ብዙ ሰው ያበላሻል።

መጀመሪያ አፈሩ ይውጣ። ከክምር ሥር የተጠረገ ብናኝ አፈሩ ስለሚበዛ አይሆንም፤ ከመጋዘን ወንፊት የወደቀው ይሻላል። ተፈጭቶ በ3 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይለፍ። ለ1 ኪሎ ብናኝ 50 ግራም የበቆሎ ወይም የካሳቫ ስታርች ይበቃል። ስታርቹ መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥ፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ አጥሚት እስኪመስል ይብሰል። ሳይበስል ከተጨመረ አይይዝም። ድብልቁን በእጅ ስትጨብጠው ቅርጹን ከያዘና ውሃ ካልተንጠባጠበ በቂ ነው።

ከተጠቀጠቀ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን በጥላ፣ ቀጥሎ ከ3 እስከ 5 ቀን በፀሐይ ይድረቅ። ወዲያው ለፀሐይ የተሰጠ ዳሩ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። ውስጡ ሳይደርቅ የተሸጠ ደግሞ ይጨሳል፣ ይሻግታል።

በስታርች ፈንታ ጭቃ የሚያስገቡ አሉ፤ ክብደት ስለሚሰጥ ነው። ጥቂቱ ፍሙን ያቆየዋል፣ ሲበዛ ግን ብሪኬቱ ነድዶ ቅርጹን እንደያዘ ጡብ ሆኖ ይቀራል። ሞላሰስ ከስኳር ፋብሪካ ሊገኝ ይችላል፤ ግን ሳይተኮስ ከቀረ ይጨሳል፣ በክረምትም ርጥበት እየሳበ ይላላል።

ብሪኬቱ ከአንኳሩ ጋር አይደባለቅ። ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ ለወጥና ለባቄላ ይመቻል፤ ለቡና የሚቸኩል ሰው ግን ይረግመዋል።

ሸማች_ጉዳይ፦
በዚህ መሠረት የተሻሻለው የውሉ ረቂቅ ይህ ነው። ክፍያ በኪሎ፣ መነሻ ርጥበት 8 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ኪሎና_ግራም ባሳየው ስሌት ይቀነሳል፤ 15 ያለፈ ጭነት ይመለሳል። አንኳር ከ2 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ብናኝ እስከ 10 ከመቶ፣ ዐመድ እስከ 5። ከናሙናው 20 አንኳር ተሰብሮ ከ2 በላይ መሀሉ ቡናማ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል። ከክምር ከወጣ ከ24 ሰዓት በኋላ የታሸገ። የወረዳው ፈቃድና የኬላ ማለፊያ ከጭነቱ ጋር ይቀርባል። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያው ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ ይቆማል።

አክሳይ_አዲስ_ቅዳም፦
አንድ ጎድሎታል። ቅጣት ብቻ ነው ያለው። ርጥበቱ ከ6 በታች፣ ጥሬውም 0 ሆኖ ለመጣ ጭነት ጭማሪ ዋጋ አስገቡ፤ አለዚያ አክሳዩ ክምሩን አንድ ቀን ተጨማሪ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ክፍያውም ከምርመራው በኋላ በ2 ወይም 3 ቀን ይሁን፤ ወር የሚጠብቅ አክሳይ ለሚቀጥለው ደላላ ይሸጣል።

ኪሎና_ግራም፦
እኔም አንድ እርማት፦ 20ው አንኳር ከአናቱ አይወሰድ። አናቱ ሁልጊዜ ተመርጦ የተቆለለ ነው። ጆንያው ይገልበጥና ከወገቡ በታች ከነበረው ይመረጥ። የሚመርጠውም መዛኙ እንጂ አውራጁ አይሁን።